ስለ ታናናሾቻችን ጨዋታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች ስም የተነገረ)



እንደዚህ ባለው በዓል የሚነገረው ንግግር ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ወጣቶች ተስፋ ወይም ስለ አገር ፍቅር ነው። እኛ ግን በተፈቀደልን በዚህ አጭር ጊዜ የምናነሣው ጉዳይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማይገባ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም ጭቃ፥ ጠጠር፥ አሸዋና ገለባ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ታናናሾቻችን በእጃቸው በሚዳስሱት፥ በዓይናቸው በሚያዩት፥ በጆሮአቸው በሚሰሙትና በአፍንጫቸው በሚያሸቱት ነገር እንዴት እንደሚማሩ፥ እኛ ታላላቆቻቸውም ምን ልናደርግላቸው እንደምንችል ለመናገር አስበናል።

ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ከመጣነው ተማሪዎች መካከል እቤቱ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት የሌለው ጥቂት ነው። ይልቁንም ሴቶች ልጆች የእናታቸውን ልጅ በጀርባቸው አዝለው ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ሕፃን ምን እንደሚወድ፥ ምን እንደሚያስለቅሰው፥ ዝም ሲልም ምን እያበላሸ እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ እናውቃለን።

መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥቶ ነበር። የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ያዘጋጁት ነው። ከዚያ ወዲህ ዜሮ ክፍል የሚባለው በገጠር ሁሉ ተስፋፋ። ቀጥሎም በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ትምህርት የሁለት ዓመት እንዲሆን ደነገገ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ አንዳንዱ ዜሮ ክፍል ገብቶ የተመለከተ ሰው የሚያየው ምንድን ነው? ስድሳና ሰባ ሕፃናት በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ ተደርድረው፥ እጃቸውን አጣጥፈው፥ አንዲት መምህርት የምትለውን በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል «ኢ ፎር ኤለፋንት» ይላል። ዝሆን በጋይንት ደጋ ላይ አይታይም። ያ ሕፃን ግን ቡሬን ከቦቃ፥ ቦቃን ከዳለቻ ለይቶ የሚያውቅ፥ የአባቱን ጥጃ ከጎረቤት ጥጃ መንጋ መካከል በመልኳ ጠርቶ የሚያወጣ ነው። ይህን ዕውቀቱን ግን ከበሩ ውጭ ትቶት እንዲገባ ተደርጓል። መምህርቷን ለመውቀስ አይደለም፤ ለሰባ ሕፃናት አንድ ጠመኔና አንድ ሰሌዳ ከተሰጣት ሰው ከዚህ የበለጠ መጠበቅ ግፍ ይሆናል።

እንግዲህ ከጭቃው እንጀምር።

በክረምት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ከደጃፍ ወጥቶ ጭቃ የማያቦካ የባላገር ልጅ የለም። ጥቁሩን ዋልካ የወሰደ ልጅ አፈሩ በጣቱ ላይ እንደሚጣበቅ፥ በደረቀም ጊዜ እንደሚሰነጣጠቅ ያያል። ቀዩን አፈር የወሰደው ደግሞ ሌላ ጠባይ ያገኝበታል። ውሃ ሲበዛበት ይፈሳል፤ ሲያንሰው ይፈረፈራል። ይህን ማንም አልነገረውም፤ በእጁ ደረሰበት። ከዚያም በኋላ በሬ ይሠራል። በሬው እንዲቆም አራቱ እግሮቹ እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ያጠረ እንደሆነ ይወድቃል። ልጁም አንሥቶ ይለካዋል፤ ይቀጥልለታል፤ እንደገና ያቆመዋል። እኩል፥ ረጅም፥ አጭር፥ ወፍራም፥ ቀጭን የሚባሉት ቃላት በዚህ ጊዜ ትርጉማቸው በእጁ ይገባዋል። ሁለተኛውን በሬ ሲጨምር ጥንድ ይሆናል፤ ከስንጥር ቀንበርና ሞፈር ያበጃል፤ ከዚያም ያርሳል። በስማዳ ቆላ ያለው ልጅ ደግሞ ከማሽላ አገዳ መነጽርና ጋሪ ይሠራል። ልጣጩን እንደ ሽቦ ያጥፈዋል፤ ለስላሳውን ውስጡን እንደ ምሰሶ ይሰካዋል።

በዚሁ ላይ አንድ አባት «ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም፤ ጭቃውማ እቤቱ ሞልቶለታል» ቢሉ አነጋገራቸው እውነት አለበት። እኛም ጭቃው ፊደሉን ይተካ አንልም። ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ እርሳስ ሲይዝ አይታችሁ እንደሆነ፥ በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱን ይቀደዋል። የጣቶቹ ጅማት ገና አልጠናም። ጭቃ ሲያድቦለቡል፥ ጥጥ ሲፈለቅቅ፥ ስንደዶ ሲሰካ የሚጠነክሩት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ደግሞ የሕፃኑ አንጎል ስድስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ከአዋቂ ሰው አንጎል መጠን 90 በመቶ ያህል እንደሚደርስ ሐኪሞች ይናገራሉ። ስለዚህ ያ ዘመን «ገና ልጅ ነው» ተብሎ በከንቱ የሚታለፍ አይደለም።

ፊደሉም ራሱ በጭቃ ይሠራል። ይህን በታናናሾቻችን ሞክረነዋልና እንደሚከተለው እንገልጠዋለን። ልጁ ጭቃውን እንደ እባብ አድቦልቡሎ ያስረዝመዋል። ከዚያም «በ»ን ይሠራል፤ ሁለት እግር አላት። ቀጥሎ በቀኝ ጎኗ አጭር እጅ ይቀጥልላታል፤ «ቡ» ሆነች። እጁን ከጎኗ አንሥቶ ከእግሯ ሥር ሲያደርገው «ቢ» ሆነች። የግራ እግሯን ሲያሳጥረው «ባ»፤ በቀኝ እግሯ ቀለበት ሲያስርላት «ቤ» ትሆናለች። በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ሲያይ ካዕብና ሣልስ የሚምታታበት ልጅ፥ በገዛ እጁ ያችን ትንሽ እጅ ከጎን ወደ እግር ካወረዳት በኋላ አይረሳትም። ከዚያም በሰፌድ ላይ ደቃቅ አሸዋ ነስንሶ በጣቱ ይጽፋል፤ ሰፌዱን ነቅነቅ ሲያደርገው ጽሑፉ ይጠፋል፤ እንደገና ይጽፋል። ደብተር አያልቅም፤ የተሳሳተውም ቀይ መስመር አይሰመርበትም።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም ደግሞ ታላላቅ ሰዎች የደከሙበት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል በ1837 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ በሱፍ ኳስና በእንጨት ጡብ ያስተምር ነበር፤ የሥፍራውንም ስም ኪንደርጋርተን አለው፤ ትርጓሜውም የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው። ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ደግሞ በ1907 በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የልጆች ቤት ከፈተች። እርሷም ፊደሉን ከሻካራ ወረቀት ቆርጣ በሰሌዳ ላይ ለጥፋ ልጆቹ በጣታቸው እንዲከተሉት አደረገች። በዚህም ዘዴ አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው የድሆች ልጆች መጻፍ ጀመሩ። የሞንቴሶሪ ዕቃ ዛሬ በአዲስ አበባ እንኳ በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ነው። የእኛ አሸዋ ግን ከወንዝ ዳር ይገኛል፤ ሻካራነቱም ያው ነው።

ወደ አገራችንም ብንመለስ፥ በመላ አካል መማር ለጋይንት ሰው እንግዳ አይደለም። ዙር አምባና ቤተ ልሔም የማን አገር ናቸው? አንዱ ዝማሬ መዋሥዕት፥ ሌላው ድጓ ሊማሩበትና ሊመሰክሩበት ከየአገሩ የሚመጣባቸው የታወቁ ጉባኤዎች ናቸው። የዜማ ተማሪ መቋሚያውን ይዞ ሲዘም፥ ጸናጽሉን ሲያንሿሿ፥ ከበሮውን ሲመታ ዜማው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በትከሻውና በእግሩ ይገባል። በየኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥረው ሕፃንም ቢሆን በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ሰውነቱን እያወዛወዘ ነው የሚማረው። ዓይኑ፥ እጁ፥ አፉና ጆሮው በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ልምጩ ይታወሰናል፤ ስንደዶዋ ግን ተረሳች። ዛሬ በአንዳንዱ ዜሮ ክፍል የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው።

አሁን ስለ እህል የምንለው አለ። ስለ ሕፃናት ጨዋታ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት በትሪ ላይ ሩዝ አፍስሱ፥ ፓስታ በቀለም ንከሩ፥ ልጁ እንዳሻው ይበትነው ይላሉ። በእኛ አገር ግን ይህ አይሆንም። በጋይንትና በስማዳ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እህል በወር ተሰፍሮ የሚቀበል አያሌ ቤተሰብ አለ። ከዚህም በቀር እህል በእግር አይረገጥም፤ የወደቀች ፍሬ ትነሣለች፤ እናቶቻችን እንዲህ አድርገው አሳድገውናል። እህል የሚያባክን ጨዋታ ይዞ ወደ ገበሬ ቤት የሚገባ አስተማሪ በአንድ ቀን ከሰፈሩ ጋር ይጣላል፤ ቢጣሉትም አይፈረድባቸውም።

እህሉ ግን ሳይባክን ማስተማር ይችላል። እናት ለወጥ የሚሆን ምስር በሰፌድ ላይ ስትለቅም የአምስት ዓመት ልጇን አጠገቧ ታስቀምጠው። ጠጠሩን ከምስሩ፥ የተነቀዘውን ከደኅናው ይለይ። ይህ ለዓይንም ለጣትም ሥራ ነው። ከዚያም ባቄላውንና አተሩን ቀላቅላ ትስጠውና በሁለት ጣሳ ይለየው፤ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳሰስ ብቻ እንዲለይ ስትጠይቀው ደግሞ ሳቁ ይጀምራል። ሲያበቃ እህሉ ወደ ድስቱ ይገባል። ልጁም በዚያ ቀን የበላው ወጥ እርሱ የሠራው ነው፤ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ ይውላል።

መበተንና ማፍሰስ የሚያስፈልገው ጨዋታ ሲሆን በእህል ፋንታ አሸዋ፥ ጠጠር፥ ገለባ፥ ውሃም አለ። በትንሽ ቅል ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው ውሃ እየቀዳ ስንት ቅል እንደሚሞላው ይቆጥራል። በሁለት ባዶ ቅል ውስጥ በአንዱ ጠጠር፥ በሌላው አሸዋ ተጨምሮ ሲናጥ ድምፃቸውን ይለያል። ፀሐይ የመታውን ድንጋይና በጥላ ያደረውን ድንጋይ በጉንጩ እያስነካ የቱ እንደሚሞቅ ይናገራል። በጋይንት ብርድ ይህ ጨዋታ ከሁሉ የበለጠ ወዳጅ አለው።

የሽታውም ጨዋታ እንደዚሁ ነው። ጤና አዳም፥ በሶ ብላ፥ ኮሰረት፥ አሪቲ፥ ከጉና ተራራ ወገን የሚለቀመው ጦስኝም፥ ጥቂት ጥቂቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ለልጁ ይሰጠዋል፤ ዓይኑን ታስሮ በሽታው ብቻ ስሙን ይጠራል። ጤና አዳምን የሚስተው ልጅ እስካሁን አላገኘንም። ኮሰረትና በሶ ብላ ላይ ግን ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም የቋንቋ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ልጁ «ይሄኛው ቅቤ ቅቤ ይላል»፥ «ያኛው ይኮሰኩሳል» እያለ ቃል መፈለግ ይጀምራል።

ቅልልቦሽን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዲቱ ጠጠር ወደ ላይ ተወርውራ ሳትወርድ ከመሬት አንድ፥ ቀጥሎም ሁለት፥ ሦስት፥ አራት ይነሣል። ለአራት ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ስለዚህ በሁለት ጠጠር ብቻ ይጀምር። ሰኞ ማክሰኞም በአንድ እግር መቆምን፥ መስመር አለመርገጥንና ተራ መጠበቅን ያስተምራል። በእቃቃ ጨዋታ ደግሞ የገል ስባሪው ምጣድ፥ ቅጠሉ እንጀራ፥ ድንጋዩ እንግዳ ይሆናል። አንድን ነገር ሌላ ነገር ነው ብሎ መቀበል ፊደልን ለመቀበል የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ «በ» የተባለችው ቅርፅም ድምፅ ነች ተብላ የምትታመን ነችና።

አደጋውንም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባቄላም ሆነ ሽምብራ ወይም ጠጠር ሲያገኝ ወደ አፉ፥ ወደ አፍንጫውና ወደ ጆሮው ይከተዋል፤ ስለዚህ ለእርሱ ከጡጫው የሚበልጥ ነገር ብቻ ይሰጠው። ውሃ በገንቦም በባልዲም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይተውለት። የጉሎ ፍሬ መልኩ ዝንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ለጨዋታ ይለቅሙታል፤ ነገር ግን ታኝኮ የተዋጠ እንደሆነ የሚገድል መርዝ አለበት። አስተናግርም እንዲሁ ነው። በአሸዋ ፋንታ አመድ ለመጻፊያ የሚጠቀም ቢኖር የበረደና ፈጽሞ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ አመድ ቆዳ ይልጣል። ጭቃው ከበረት አጠገብ አይወሰድ፤ ከጨዋታውም በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ በውሃና በንጹሕ አመድ ታሽቶ ወዲያው በብዙ ውሃ ይለቅለቅ።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ለማንሣት የተገደድንበትን ምክንያት ግን ገና አልተናገርንም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ከዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ ታውቃላችሁ። ከዚያም ሁለት ዓመት ቆይቶ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ታላላቆቹ ተማሪዎች ያጣነውን ዓመት በጣታችን ቆጥረን እናውቀዋለን፤ ሰውም ያዝንልናል። ያን ጊዜ አራትና አምስት ዓመት የነበረው ሕፃን ግን ምን እንዳጣ አያውቅም፤ የሚቆጥርለትም የለም። ዜሮ ክፍል ሳይገባ ዕድሜው አለፈ። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅም በር ሲዘጋ የሚደነግጥ፥ ከእናቱ ቀሚስ የማይለይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ተቀመጥና ሀ በል» ቢሉት አይሰማም። ጭቃ ቢሰጡት ግን በመጀመሪያ ዝም ብሎ ይጨብጠዋል፤ ቆይቶ አንድ ነገር ይሠራል፤ ከዚያ የሠራውን ይነግራችኋል። ይህን በዓይናችን አይተናል።

ቀደም ብለን የጠቀስነው የ2002ቱ ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከዜሮ ክፍል ጋር ሦስተኛ መንገድ ነበረው፤ ይኸውም ልጅ ለልጅ የሚባለው ሲሆን፥ ታላላቅ ተማሪዎች በሰፈራቸው ያሉትን ሕፃናት እያጫወቱ ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጁበት ነው። ሕንፃ አይጠይቅም፤ ደመወዝም አይጠይቅም፤ መንገድ ሲዘጋም አይዘጋም። ከሦስቱ ሁሉ ለእኛ አገር የሚስማማው ይህ ይመስለናል። ሆኖም ታላቁ ልጅ ከእርሻና ከእረኝነት፥ ታላቋም ከውሃ መቅዳትና ከእንጨት ለቀማ የሚተርፍ ጊዜ ካላገኙ ነገሩ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው ገንዘብ ሳይሆን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

እኛም በበኩላችን ከየቀበሌያችን ሁለት ሁለት ሆነን፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በአንድ ዛፍ ጥላ ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ሕፃናት ሰብስበን ለማጫወት ተስማምተናል። የሚያስፈልገው አንድ ሰፌድ፥ አንድ ጣሳ ንጹሕ አሸዋ፥ አምስት ቅል፥ የሽታ ቋጠሮዎችና ለእጅ መታጠቢያ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። ጭቃውን ሕፃናቱ ራሳቸው ያመጣሉ። መጀመሪያ እነርሱ የሚያውቁትን ጨዋታ እንዲያሳዩን እንጠይቃለን፤ የእኛን ከዚያ በኋላ እንጨምራለን። የሚያለቅሰውን አናስገድድም፤ ከዳር ቆሞ መመልከትም ይፈቀድለታል።

ከመድረኩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታናናሾቻችን የሠሯቸው የጭቃ በሬዎችና ፊደሎች ተቀምጠዋል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያልተሟሉ ናቸው፤ «ጨ» ሦስት ጊዜ ተሰብራብናለች። ከአጠገባቸውም ስድስት የሽታ ቋጠሮዎችና የዓይን ማሰሪያ ጨርቅ አለ። የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ዓይናችሁን ታስራችሁ እንድትሞክሩ በአክብሮት እንጋብዛለን። ስድስቱንም ለይቶ ለሚጠራ ሰው እርጥብ ጦስኝ በስጦታ አዘጋጅተናል።